ስእለት የመሰላቸው ዝምታ

ዌንደል ማን እንደምባል ሲጠይቀኝ መልስ አልሰጠሁትም። ስሜ ጠፍቶኝ አይደለም። ካመጣኝ ከዳሪል ፒካፕ መኪና ላይ ገና መውረዴ ነበር። በኅብረት በሚኖሩበት እርሻ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ እኔን ሊያይ መጥቷል፤ ገሚሱ በባዶ እግሩ ነው፣ አንዱ እንዲያውም ከባርኔጣ በቀር የለበሰው ነገር የለም። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ቢጨንቀኝ አቀረቀርኩ፤ እጄንም ደረቴ ላይ አደረግኩ። ሰው ሲበዛብኝ ልቤ ስለሚመታ እንዲህ ማድረግ ልማዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም የቃል ፈተና በመጣ ቁጥር እንደዚሁ ነበርኩ።

ዌንደል ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ገባኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስእለት ላይ ነሽ።»

አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቶሎ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ተዪው፣ ተዪው እህቴ! ለእኛ ብለሽ እንዳታፈርሺው።» ወደ ሰዎቹም ዞረ። «ስሙኝማ! ይቺ ልጅ የዝምታ ስእለት አለባት። ማንም ነገር እያነሳ እንዳያስቸግራት። እህት ዝምታ እንላታለን።»

ሁሉም አጨበጨበ። ባለ ባርኔጣው ሰው፣ ኋላ ሊዮናርድ እንደሚባል ያወቅኩት፣ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳኝ።

ሮበርታ መሆኔን በማግስቱ ቁርስ ላይ ልናገር አስቤ ነበር። ቁርስ ላይ ግን አንዲት ልጅ በሁለት እጇ ይዛ ገንፎ አቀረበችልኝ፤ እንዳልረበሽም በእግር ጣቷ እየሄደች ተመለሰች። እንዴት ብዬ ልናገር? ለእሑድ አስተላለፍኩት። እሑድ ሲያልፍ ነገሩ ከበደ፤ ወር ሲሆነው ደግሞ ጨርሶ የማይነሳ ሆነ። ምቾት አልነበረውም ብል ግን እዋሻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰዎች «ምነው ዝም አልሽ?» ሲሉኝ ነው የኖርኩት፤ እናቴ በበዓል ቀን፣ አስተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ፣ ጓደኞቼ በየግብዣው። እዚያ ኮረብታ ላይ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ባቄላ እየኮተኮትኩ፣ ፍየል እያለብኩ፣ ማታ ሲዘፍኑ ከዳር ተቀምጬ እያዳመጥኩ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

ከመካከላችን ሃይማኖት ፍለጋ የመጣ ሰው አልነበረም። እንዲያውም የብዙዎቻችን ሽሽት ከአባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከእሑድ ከረባት፣ ወጣቱን ከሚያዘምተው ጦርነት፣ «ፀጉርህን ተቆረጥ» ከሚለው ጭቅጭቅ። አብዛኞቹ ከሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሰፈር ጊታራቸውን ተሸክመው የወጡ ናቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት እርሻው ላይ አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ እሱም በወጥ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ ደንብ ማውጣት ክልክል ነው።

ከዚያ ዝናብ ጠፋ። ዌንደል ያኔ ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም፤ ከተማ ሳለ የአንድ የሙዚቃ ቡድን ከበሮ መቺ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ ባልዲ ገልብጦ ኮረብታው ላይ ተቀመጠና መምታት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። አንድ ሰው «ዌንደል፣ ጠራኸው እኮ!» አለው፤ ለቀልድ ነበር። በሳምንቱ ግን ፍየል የታመመበት ሰው ወደ እሱ ሄደ። ቀጥሎ ትዳር የታመመበት ሄደ። ከዚያ ስለ እግዚአብሔር የሚጠይቁት መጡ። «ኧረ እኔ ከበሮ መቺ ነኝ!» ይላቸው ነበር መጀመሪያ። እየቆየ ግን እንዲህ ማለቱን ተወው።

እኔ ስደርስ በወጥ ቤቱ በር ላይ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ቦታ አልቀረም ነበር። ሰዓት ማሰር ክልክል። መስታወት ማየት ክልክል። ሥጋ መብላት ክልክል። ፀጉር መቁረጥ ክልክል። ፀጉራችንን እንድንቆረጥ ሲያዙን ከቤት የወጣን ልጆች፣ እንዳንቆረጥ ስንታዘዝ ደስ ብሎን እሺ አልን። ሽንኩርትም ክልክል ነበር፤ ሽንኩርት እኔነትን ይቀሰቅሳል ይባላል። ከኃጢአት ሁሉ የሚከፋው እኔነት ነው። ሰው ሌላ ጥፋት ቢያጠፋ ይስቁለታል፤ «ይሄ እኔነትህ ነው» ከተባለ ግን ይደነግጣል።

የምንወስነውም በክብ ነው። ሁላችንም አሮጌው በረት ውስጥ ገለባ ላይ ዙሪያውን እንቀመጣለን። ነገሩ በአንደኛው ቀን ይነገራል፣ በሁለተኛው ቀን ይጸናል። አንድ ሰው እንኳ «አልስማማም» ካለ ይቀራል፤ ያ ሰው ግን ከነገሩ የሚያገኘው ጥቅም ካለ ቃሉ አይቆጠርም፣ እኔነት ነውና። በምልክት አይሆንም፣ በድምፅ ነው። ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። በዚህ ዓይነት እኔ ዓመቱን ሙሉ በሁሉም ነገር ተስማምቻለሁ።

ጓደኛዬ ግሌንዳ ነበረች። እንደ መንደሪን ክብ ፊት አላት፣ ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል። እሷና ዳሪል ከወንዙ በላይ በእጃቸው የሠሯት አንዲት የእንጨት ቤት ነበረቻቸው፤ ጣሪያዋ ትንሽ ያፈስሳል። በዚያ በጋ ግሌንዳ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ያማራት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ዳሪል ወደ ከተማ በወረደ ቁጥር በካልሲው ውስጥ ደብቆ ያመጣላታል። ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ተቀምጠን እንደ ፖም ትገምጠዋለች፤ ለእኔም ታካፍለኛለች።

«አንቺ ምቹ ሰው ነሽ» ትለኛለች እያላመጠች። «አታሳጪኝም።»

የእሷ ብቻ ምሥጢር ቢሆን ቀላል ነበር። ማንም የማይመልስ ሰው ሲያገኝ ሆዱን ዘርግፎ ይሄዳል። ዳሪል ከተማ ሲወርድ ሀምበርገር እንደሚበላ ነግሮኛል። ሊዮናርድ ሲበርደው ማታ ማታ ተደብቆ የሱፍ ሱሪ እንደሚለብስ ነግሮኛል። ገንፎ የምታቀርብልኝ ልጅ ሊፕስቲኳን የት እንደቀበረች አሳይታኛለች። ሁሉንም አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ባቄላ ስኮተኩት ዌንደልም መጥቶ ከጎኔ ቁጢጥ አለ። የለበሰው ነጭ ቀሚስ ጭቃ ነክቶታል።

«በጸደይ ሁለት ሰዎች ሄዱ» አለኝ። «ደህና ሁን እንኳ አላሉኝም። ነገ ደግሞ ሌላው ይነሳል። ሁሉም ከሄደ እኔ ማን ነኝ? ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት ነው፤ ባልዲ መምታት ነው የማውቀው።» ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «የውጭውን በር ልዘጋው ነው። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም፤ ዝናብ እስኪመጣ። ሕልም አየሁ እላቸዋለሁ። አላየሁም። እንቅልፍ ከየት መጥቶ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንቺን ማጫወት ደስ ይላል። አትፈርጂም።»

እየፈረድኩ ነበር። ያም ሆኖ አሳዘነኝ።

ሕልሙን በክቡ ላይ ሲናገረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ትልቅ በር፣ ከውስጥ ብርሃን፣ ከውጭ ጎርፍ፤ አሳምሮ ነበር የተረከው። በሩ በሚመጣው ሰኞ ይዘጋል። የወጣ አይመለስም፣ የመጣም አይገባም።

ግሌንዳ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተነሳች። «እማዬ ሐሙስ ትመጣለች። ላዋልድሽ ብላ ከቤከርስፊልድ ድረስ! የአክስቶቼን ልጆች በሙሉ ያዋለደችው እሷ ናት። እዚህ ያለ ሰው አዋልዶ የሚያውቀው ፍየል ነው።»

«ሁለት ፍየል» አለ ሊዮናርድ በኩራት።

«አልስማማም» አለች ግሌንዳ።

ዌንደል በሐዘን ፈገግ አለ። «ግሌንዳ፣ የእኔ እህት። ይሄ የማን ድምፅ ነው? ያንቺ እናት፣ ያንቺ ሆድ። እኔነት ነው።»

ዳሪል ብድግ አለ። «እኔም አልስማማም!»

«የማን ሚስት ናት ዳሪል?»

«የእኔ።»

«ይኸው፤ ራስህ ተናገርከው።»

ዳሪል ተቀመጠ። ሌላ ሰው አልተነሳም። አንዳንዱ ፈርቶ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሕልሙ ከልቡ አምኗል። ነገ ይጸናል ተብሎ ተበተንን።

ግሌንዳን ከፍየሎቹ በረት ጀርባ አገኘኋት። ሽንኩርቷን ይዛ ነበር፣ ግን አልገመጠችውም። «ብንወጣ ቤታችንን አጣን» አለችኝ። «ምስማሩን አንድ በአንድ የመታሁት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ብንቀር ደግሞ ሊዮናርድ ሊያዋልደኝ ነው። ባርኔጣውን አድርጎ!» ልትስቅ ሞከረችና አለቀሰች። «ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ምንም ጥቅም የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ሊጠይቅሽ የሚመጣ የለ፣ ባል የለሽ፣ ሆድ የለሽ። ያንቺን ቃል እኔነት ሊለው አይችልም። ምናለ መናገር ብትችዪ?»

«እችላለሁ» አልኩ።

ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። ፍየሏ አነሳችው።

«ምን አልሽ?»

«እችላለሁ። ስእለት የለብኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጭራሽ አልነበረብኝም። የመጣሁ ዕለት ስሜን ሲጠይቀኝ አፈርኩ። ከዚያ ለማረምም አፈርኩ።»

ግሌንዳ አየችኝ። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ሲጠፋ ነው የገባኝ። ሆዷን ይዛ ሳር ላይ ተጋደመች፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ፣ «ኧረ ልወልድ ነው! ኧረ አታስቂኝ!» እያለች ተንከባለለች። ዓመት ሙሉ ምንም ሳልል ቆይቼ የመጀመሪያ ቃሌ እንዲህ ስላሳቃት እኔም ሳቅኩ። ፍየሏ ደግሞ ሽንኩርቱን ጨርሳ ሌላ ትጠብቃለች።

«ታዲያ ነገ ትናገሪያለሽ?» አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ።

«በሠላሳ ሰው ፊት?»

«እኔን እያየሽ ተናገሪ። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት በይ።»

በማግስቱ ጠዋት በክቡ ላይ ከግሌንዳ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እጄ ደረቴ ላይ ነበር። ዌንደል ነጭ ቀሚሱን አጥቦ ለብሷል፤ ከዓይኑ ሥር ግን ጠቁሯል።

«ትናንት የተነገረው ዛሬ ይጸናል» አለ። «ከእኔነት ነፃ ሆኖ የሚቃወም አለ?»

የግሌንዳን ክብ ፊት አየሁ።

«እኔ አልስማማም» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ያወቀ የለም፤ ወደ በሩ የዞሩ ነበሩ። ሊዮናርድ ግን ከጎኔ ነበር።

«ተናገረች!» ብሎ ጮኸ። «ዝምታ ተናገረች!»

«ምን አለች?»

«አልስማማም አለች!»

«በምኑ?»

«በሁሉም ነው የሚመስለኝ!»

ሁለት ሰዎች ተንበረከኩ። ገንፎ የምታቀርብልኝ ልጅ አለቀሰች። ሊዮናርድ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ምን ታየሽ? ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ምንም አልታየኝም። ዓይን አፋር ነኝ።»

«ዓይን አፋር ነኝ አለች» አለ አንዱ በሹክሹክታ፤ ቃሉ እንደ ጸሎት ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። «ዓይን አፋር ናት... ሁላችንም ዓይን አፋር ነን...»

«የወጥ ቤቱ በር ላይ እንጻፈው?» አለ ሌላው። «ቀይ ቀለም አለ።»

«አይጻፍም!» አልኩ። እንዲያ ስጮኽ ራሴን ሰምቼው አላውቅም። «ስእለት የለብኝም። መጀመሪያ ቀን ስሜን ስትጠይቁኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ እናንተ ስትደሰቱ እንዴት ብዬ ላርመው? ስሜ ሮበርታ ነው። የስቶክተን ልጅ ነኝ። አባቴ ጫማ ይሸጣል።»

«ምን ያለች ትሑት ናት» አለች አንዲት ሴት።

ይሄኔ ዳሪል እጁን አነሳ። «አንዴ ቆዩ፣ አንዴ ቆዩ። ስእለት ከሌለብሽ... ያን ጊዜ ከተማ ስወርድ ስለምበላው ነገር የነገርኩሽን...»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የሁላችሁንም።»

እያንዳንዱ ምን እንደነገረኝ ማስታወስ ሲጀምር ከፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። ሊዮናርድ ባርኔጣውን መልሶ አደረገና እስከ አፍንጫው ድረስ ሳበው። ገንፎ የምታቀርበዋ ልጅ ከንፈሯን በእጇ ሸፈነች። የተንበረከኩት ሁለቱ ቀስ ብለው ተነሱና ገለባውን ከጉልበታቸው አራገፉ። መጀመሪያ ያመለጣት ግሌንዳ ናት። እሷ ስትስቅ ዳሪል ተከተላት፤ ከዚያ ሳቁ ዙሪያውን ዞሮ ሁሉንም ያዘ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየመታ፣ «አንተም ነገርካት?» «አንቺስ?» እየተባባለ፣ ከጣሪያው ላይ ርግቦቹ እስኪነሱ ድረስ ተሳቀ።

ዌንደል ብቻ አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«እኔም የነገርኩሽ ነገር አለ» አለኝ።

«አዎ።»

«ልትነግሪያቸው ነው?»

«አይ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በሩ አይዘጋ።»

«ለምን?» አለኝ። ጥያቄው የመምህር አልነበረም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ጥያቄ ነበር።

ልቤ እየመታ ነበር፣ ግን ድምፄን አግኝቼዋለሁ። «እዚህ የቆየሁት ማንም ስለከለከለኝ አይደለም። ደስ ስለሚለኝ ነው። በሩ ከተዘጋ ግን የቆየሁት ደስ ብሎኝ ይሁን ተዘግቶብኝ እኔም አላውቀው፣ አንተም አታውቀው።»

ዌንደል እንደ ሌላው ሰው ገለባው ላይ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ሲቀመጥ ከፍ ባለ ሳጥን ላይ ነበር።

«ሕልሙን አላየሁትም» አለ።

«የትኛውን?» አለ ሊዮናርድ ከባርኔጣው ሥር።

«የበሩን። ሰው እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ነው።»

«የዝናቡስ ጉዳይ?»

«ዝናቡን እኔ አላመጣሁትም ብዬ መጀመሪያ ነግሬያችሁ ነበር እኮ! ከበሮ መቺ ነኝ ብያለሁ!»

«ብለሃል» አለ ሊዮናርድ። «እኛ ግን ትሕትና መሰለን።»

ዌንደል እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት። እሱም መሳቅ ጀመረ። መሳቅ ብቻም አልሆነም፤ አንድ ሰው ባልዲ አቀበለውና መታው፣ ልጆቹ ተነስተው ጨፈሩ፣ ግሌንዳ ሳትቀር ሆዷን ደግፋ ትከሻዋን ነቀነቀች። አንዳንዱ ቅር ብሎት እንደነበር አልክድም። በተለይ ያቺ «ምን ያለች ትሑት ናት» ያለችው ሴት በጋውን ሙሉ አልፎ አልፎ ምክር ትጠይቀኝ ነበር፤ አላውቅም ስላት ጭንቅላቷን ነቅንቃ አመስግናኝ ትሄዳለች።

በሩ አልተዘጋም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የግሌንዳ እናት ኦፓል ጀርባው በኮክ ፍሬ የተሞላና ሞተሩ የሚያስነጥስ መኪና እየነዳች ኮረብታውን ወጣች፤ አጭር፣ ወፍራም ሴት ናት፣ እጅጌዋን ከመኪናው ሳትወርድ ጠቅልላለች።

«እዚህ ኃላፊው ማነው?» ብላ ጮኸች።

ሁላችንም ተያየን። ዌንደል ወደፊት ወጣና፣ «ማንም የለም እማማ። ውኃ ላፍላልዎት?» አላት።

«ብዙ አፍላ» አለችው። «አንተ ባለ ባርኔጣው ደግሞ ሂድ አንድ ነገር ልበስ።»

ግሌንዳ በተከታዩ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሠራችው ቤት ውስጥ፣ ሴት ልጅ ወለደች።